የልጅ አንገትና የካይሮፕራክተር እጅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» ይባላል። እስቲ አንዴ አዙረን እንይ።

ሥራዬ የልጆች ፊዚዮቴራፒ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ክርስትና ቤት፣ አንዳንዴም ሐበሻ ሱቅ ውስጥ እንጀራ እየመረጥኩ ወላጆች ያስቆሙኛል። ልጁ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም የሚጥል በሽታ አለበት። አንድ ሰው «አንገቱን የሚያስተካክል ካይሮፕራክተር አለ» ብሏቸዋል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መለስኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካይሮፕራክተር ሐኪም ነው?

አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጁ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ዶክተር» ይባላል፣ የሥራ ፈቃድም አለው። ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት ገደማ ተምሯል። ግን የሕክምና ዶክተር አይደለም። ቀዶ ጥገና አይሠራም፣ በአብዛኛው መድኃኒት አያዝም። የሕፃናት ሐኪም ወይም የነርቭ ሐኪም አይደለም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመኪና አደጋ በኋላ ነው። ኡበር ሲነዳ ከኋላ የተገጨ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ጠበቃው ይልከዋል፣ ወገቡ ይታሻል፣ ሂሳቡን ኢንሹራንስ ይከፍላል። ለአዋቂ የወገብ ሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ጥናቶችም ያሳያሉ፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚነሣው የአባትየውን ወገብ ያሻለ እጅ የልጁን አንጎልም ያሻላል ሲባል ነው።

ለምን አንገት ላይ ያተኩራሉ?

ይህ ታሪክ አለው። በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ፣ ዲ. ዲ. ፓልመር የሚባል በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ የሚል ሰው ነበር። ሃርቪ ሊላርድ የተባለ ጆሮው የማይሰማ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ አገኘ። አከርካሪውን ገፋ አደረግኩለትና መስማት ጀመረ አለ። የመስማት ነርቭ ግን ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው እዚያው የራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በአከርካሪ በኩል አያልፍም። ቢሆንም ሙያው ከዚያ ተወለደ።

ልጁ ቢ. ጄ. ፓልመር በ1930ዎቹ ነገሩን ወደ ላይ ወሰደው። የአንገትን የላይኛ አጥንት ካስተካከልክ ሌላው ራሱ ይስተካከላል አለ። ዘዴውን «ሆል ኢን ዋን» ብሎ ከጎልፍ በተወሰደ ስም ጠራው፤ በአንድ ምት ጉድጓድ ማስገባት እንደማለት ነው። ያ አጥንት አትላስ ይባላል። ከሰባቱ የአንገት አጥንቶች የመጀመሪያው ሲሆን ጭንቅላታችንን የተሸከመው እሱ ነው። አትላስ ጥቂት ሲዛነፍ ከአንጎል የሚወርደው መልእክት ይታወካል፣ ስለዚህ ልጁ ይታመማል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። «ሰብላክሴሽን» ይሉታል። የእንግሊዝ የካይሮፕራክተሮች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ራሱ በ2010 ይህ የታሪክ ጽንሰ ሐሳብ እንደሆነና የበሽታ መንስኤ ነው ለማለት የሚያበቃ የሕክምና ጥናት ማስረጃ እንደሌለው ጽፏል። የገዛ ተቆጣጣሪያቸው ነው ያለው።

አንገቱን ይጠመዝዙታል ማለት ነው?

እንደ ሰውዬው ነው። አንዱ አንገትን በፍጥነት ትንሽ ገፋ ወይም ዞር ያደርጋል፣ ቋ ይላል። ድምፁ አጥንት ቦታው ሲገባ የሚወጣ አይደለም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ ጋዝ ነው፤ ጣታችንን ስናንቋቋ እንደምንሰማው። ሌላው እስክሪብቶ በምታክል የስፕሪንግ መሣሪያ ቸክ ያደርጋል። ሌላው ልጁን በጎኑ አስተኝቶ የአልጋው ራስጌ በድንገት ዝቅ ሲል አንገቱን ይገፋል። ለሕፃናት ደግሞ በጣት ጫፍ ነካ ብቻ የሚያደርጉ አሉ።

ስለዚህ «ካይሮፕራክተር ጋ ወሰድኩት» ስትሉኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «እጁ ምን አደረገ?» የሚል ነው። ነካ ማድረግና ቋ ማድረግ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ኪስን ነው።

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ይረዳዋል?

ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው አንጎል ገና ሲያድግ በደረሰበት ጉዳት ነው። ጉዳቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። አንገትን ማንቀሳቀስ እዚያ አይደርስም።

ለዚህ ጥያቄ ቀረብ የሚል አንድ ጥሩ ጥናት አለ፤ በካይሮፕራክቲክ ሳይሆን በዘመዱ፣ እሱም በእጅ በሚደረገው በኦስቲዮፓቲ ላይ የተሠራ። እንግሊዝ ውስጥ 142 ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ተሳትፈው በ2011 ታተመ። ጭንቅላታቸው በባለሙያ ከታሸላቸው ልጆች ጋር ያልታሸላቸው ሲወዳደሩ በእንቅስቃሴ ችሎታ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሴሬብራል ፓልሲው ሰውነትን ሳይፈልጉ የሚያወናጭፍ ዓይነት ከሆነ አንገቱ ቀን ከሌት ስለሚንቀሳቀስ ዕድሜ ሲጨምር ከሌላው ሰው ቀድሞ ያረጃል፣ ህብለ ሰረሰርንም ሊጫን ይችላል። እዚያ ላይ ሌላ ግፊት መጨመር ለእኔ አይታየኝም። ያ ገንዘብና ጊዜ ለዳሌ ክትትል ቢውል ይሻላል። እነዚህ ልጆች ዳሌያቸው ቀስ እያለ ከቦታው ሊወጣ ስለሚችል በየጊዜው ራጅ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የሚነግራቸው ያጡ ስንት ወላጆች አግኝቻለሁ!

ኦቲዝምስ?

አይሆንም። አንገትን በማስተካከል ኦቲዝም እንደሚለወጥ የሚያሳይ አስተማማኝ ጥናት የለም። ልጁ ከቆይታው በኋላ ረጋ ብሎ ቢተኛ አልገረምም፤ ጸጥ ባለ ክፍል ጋደም ብሎ መዳሰስ የሚወዱ ልጆች አሉ። ያንን እናትም ቤት ውስጥ በቅባት ማድረግ ትችላለች።

የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱን ትተን ይህን ብንሞክርስ?

እባካችሁ፣ እንዳታደርጉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቆም የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ያሳጣል። ጠበልም ይሁን ካይሮፕራክተር፣ የትም ስትሄዱ መድኃኒቱ አብሯችሁ ይሂድ።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን ጭንቅላቱን ወደ ፊት ደጋግሞ ነቅነቅ፣ እጆቹን ብድግ ካደረገ፣ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ በተከታታይ ከሆነ፣ ይህ የጨቅላ ሕፃን የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ «ቁርጠት ነው»፣ «ደንግጦ ነው»፣ «አንገቱ ደክሞ ነው» እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹትና በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። በዚህ በሽታ አንድ ሳምንት መዘግየት በልጁ አእምሮ እድገት ላይ ዋጋ አለው።

ለአስም፣ ለጆሮ ሕመም፣ ለቁርጠት ይጠቅማል ይባላል።

አስምን በሚመለከት ካናዳ ውስጥ ከ7 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 91 ልጆች ላይ ጥናት ተደርጎ በ1998 ታትሟል። ለግማሾቹ እውነተኛው ማስተካከያ ተደረገ፣ ለግማሾቹ የማስመሰል። ከአራት ወር በኋላ ልዩነት አልነበረም። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች ትንሽ ተሽሏቸዋል። ክትትል ራሱ ሰው ያሽላል።

ቁርጠት ላይ በ2012 በ325 ሕፃናት የተሠሩ 6 ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው ነበር። አንዳንዶቹ ልቅሶው ቀነሰ ይላሉ። ችግሩ ጥናቶቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ልቅሶውን የመዘገቡት ወላጆችም በአብዛኛው ልጃቸው መታከሙን ያውቁ ነበር። ወላጆች ሳያውቁ በተሠሩት ላይ ጥቅሙ አልተረጋገጠም።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሳይመን ሲንግ የሚባል የሳይንስ ጸሐፊ በ2008 ካይሮፕራክተሮች ለልጆች አስም፣ ለጆሮና ለቁርጠት የሚሰጡትን ተስፋ ማስረጃ የለውም ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። የእንግሊዝ የካይሮፕራክተሮች ማኅበር በስም ማጥፋት ከሰሰው። ሁለት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ ማኅበሩ በ2010 ክሱን ተወው። በኋላም የእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ እንዲሻሻል ከገፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ክስ ሆነ።

ግን የጎረቤቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ሄዶ ልቅሶውን አቆመ!

አምናለሁ። የጎረቤታችሁ ልጅ ስንት ሳምንቱ ነበር? የሕፃን ልቅሶ ወደ ስድስተኛ ሳምንት ጣሪያ ይነካል። በሦስትና በአራት ወር ራሱ ይበርዳል። ወላጅ ደግሞ እርዳታ ፍለጋ የሚሮጠው ልቅሶው ጣሪያ ሲነካ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግ መቀነሱ አይቀርም፤ ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ የነካው እጅ ነው። አያቴ በጤና አዳም ነበር የምታቆመው። እሷም ሦስት ቀን ይፈጅባት ነበር።

ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጄን አንገት ማስነካት ችግር አለው?

አለው። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

አትላስና ከሥሩ ያለው አክሲስ የሚባለው አጥንት የተያያዙት በጅማት ነው። ጅማቱ አክሲስ ወደ ኋላ ሄዶ ህብለ ሰረሰርን እንዳይጫን እንደ ቀበቶ ይዞታል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ጅማታቸው ላላ ያለ ነው። በራጅ ሲታዩ ከመቶው ከ10 እስከ 20 በሚሆኑት ሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ከልክ በላይ ይሰፋል። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ምልክት የሚታይባቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ግን የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ከውጭ አይታይም፤ ራጁም ሁልጊዜ አይናገርም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ውድድር የሚያዘጋጀው ስፔሻል ኦሊምፒክስ በ1983 ለዳውን ሲንድረም ስፖርተኞች የአንገት ራጅ መጠየቅ የጀመረው ለዚህ ነበር። ማደንዘዣ ሰጪ ሐኪምም ከቀዶ ጥገና በፊት አንገቷን በጥንቃቄ እንዲይዝ ይነገረዋል።

እንግዲህ አስቡት። ማደንዘዣ ሐኪሙ ፈርቶ የሚይዘውን አንገት ሌላ ሰው በፍጥነት ሊያዞረው ነው። ሥራ ላይ ሆኜ ከሁሉም የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ አንገታቸው እጅግ የሚፈራላቸው ልጆች ናቸው በብዛት ወደ አንገት አስተካካይ የሚወሰዱት። ተስፋ የሚሸጠው ለተቸገረ ነውና።

አረማመዷ ከተለወጠ፣ መውደቅ ካበዛች፣ እጇ ከደከመ፣ አንገቷን ካዘነበለች ወይም ካመማት፣ ሽንት መቆጣጠር ችላ የነበረች ልጅ ማምለጥ ከጀመራት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ።

አንገታቸው መነካት የሌለበት ሌሎች ልጆች እነማን ናቸው?

ጅማታቸው የላላ ወይም አጥንታቸው የሚሰበር፦ ማርፋን፣ ኤለርስ-ዳንሎስ፣ በትንሹ የሚሰበር አጥንት ይዘው የተወለዱ። አኮንድሮፕላዚያ ያለባቸው አጭር ቁመት ያላቸው ልጆች፤ የራስ ቅላቸው የታችኛው ቀዳዳ ጠባብ ነው። ኪያሪ የተባለባቸው፤ የአንጎላቸው የታችኛው ክፍል ወደ አንገት ወረድ ያለ። የአንገት አጥንቶቻቸው ተጣብቀው የተወለዱ። የልጆች የመገጣጠሚያ ቁጣ ያለባቸው።

ሻንት፣ ማለትም ከአንጎል የተጠራቀመ ፈሳሽ የሚያወርድ ቱቦ፣ ያላቸውም አሉ፤ የእኛ ሰው «ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ነበረ» የሚላቸው። የሻንቱ ቱቦ ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ በአንገት ቆዳ ሥር ወደ ሆድ ይወርዳል። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ መሰንጠቅ የሚወደውም አንገት አካባቢ ነው።

ሕፃኔ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚያዘነብለው። ይሄስ?

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው፤ ምክንያቱም የሚሠራ ነገር አለ።

ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረት የሚወርደው ጡንቻ አጥሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ላይ እብጠት ሊዳሰስ ይችላል፤ በአብዛኛው ራሱ ይጠፋል። አጥንቱ ከቦታው አልወጣም፣ ስለዚህ የሚመለስ አጥንት የለም። የሚያስፈልገው ጡንቻውን ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ከተጀመረ በጣም በጎ ውጤት አለው። በዓመቱ አንገቱን እንደ ልቡ ያዞራል።

ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ያሳያችኋል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ የእናንተ ሥራ ነው። ወደማያዞርበት ጎን አጫውቱት። ስታጠቡት ጎን ለውጡ። አልጋው ላይ ስታስተኙት ደጁ የሚታየው በዚያ በኩል ይሁን። ነቅቶ ሳለ እያያችሁት በሆዱ አጋድሙት፤ ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው። የመኪና ወንበሩ ውስጥ ያለ ጉዞ ሰዓታት አታስቀምጡት፣ ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል። ሐኪሙ ዳሌውንና ዓይኑን እንዲያይም ጠይቁ። አንገት የሚያዘነብል ሕፃን አንዳንዴ ዳሌው ችግር አለበት፣ አንዳንዴ ደግሞ አጣርቶ ለማየት ነው የሚያዘነብለው።

የተራመደ ልጅ ድንገት አንገቱን ካዘነበለ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ከጭንቅላት ዕጢም ሊሆን ይችላል። እሱን ማንም ከማሸቱ በፊት ሐኪም ይየው።

አደጋ ምን ያህል ያጋጥማል?

እውነቱን ለመናገር፣ ከባድ ጉዳት ተመዝግቦ የሚገኘው ጥቂት ነው። በ2007 የታተመ አንድ ግምገማ በልጆች ላይ በቀጥታ የደረሱ 14 ጉዳቶችን ሰብስቧል። ዘጠኙ ከባድ ነበሩ፤ አንጎል አካባቢ የደም መፍሰስና የእግር ሽባነት ይገኙባቸዋል። እዚያው ጽሑፍ ላይ እኔን የበለጠ ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። 20 ልጆች ማጅራት ገትር፣ ስኳር ወይም ካንሰር ይዟቸው ሳለ ጊዜያቸው በአከርካሪ ማሸት አልፏል ወይም የማይገባ እጅ አርፎባቸዋል።

አውስትራሊያ በ2018 አንድ ካይሮፕራክተር የሁለት ሳምንት ሕፃን ሲያክም የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ አገር ተቆጣ። የአገሪቱ የካይሮፕራክተሮች ቦርድ በ2019 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አከርካሪ ማንቀሳቀስ አስቆመ። የቪክቶሪያ ግዛት ባደረገው ግምገማ ጉዳት ስለመድረሱ ብዙ ማስረጃ አልተገኘም፤ ጥቅም ስለመኖሩም እንዲሁ። ቦርዱ በ2023 እገዳውን አነሣ። የጤና ሚኒስትሮቹ ተቆጥተው በ2024 አስመለሱት። ጥቅሙ ካልታወቀ ትንሽዋ አደጋስ ለምን? ሚኒስትሮቹ ያሉት በአጭሩ ይህንኑ ነው።

ቢሮው ስገባ ምን ልጠይቅ?

እንሄዳለን ካላችሁ ሦስት ነገር። «አንገቷን ትገፋለህ ወይስ ትነካለህ?» «ለነርቭ ሐኪሟ ደውለህ ትነጋገራለህ?» «ካልተሻላት መቼ ነው በቃ የምትለኝ?» ለሦስተኛው መልስ የሌለው ሰው ጋ አትቆዩ። ክትባት ወይም መድኃኒት አቁሙ ካለ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። ገና ሳያናግራችሁ ለአንገት ራጅ ከላከም ምክንያቱን ጠይቁ፤ ታይሮይድ እዚያው አንገት ላይ ነው፣ የልጅ ታይሮይድ ደግሞ ጨረር አይወድም።

አገር ቤት ያለች እህቴ «ወጌሻ ጋ ልውሰደው» ትላለች።

ወጌሻ አከብራለሁ። የተወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። ግን ጠብቀው ባሰሩት እጅ ምክንያት ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የተቆረጠ እጅም አይቻለሁ። የልጅ አንገት የወጌሻ ሥራ አይደለም። አዲስ አበባ ከሆነች ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ክፍል ትጀምር። ለአካላዊ ጉዳትና ለመሄጃ ድጋፍ ቼሻየር ኢትዮጵያ አለ። ለኦቲዝም ዘሚ የኑስ በ2002 ያቋቋመችው ጆይ ማዕከል አለ። ዘሚ የራሷን ልጅ ይዛ የት ልሂድ ብላ የተንከራተተች እናት ነበረች፤ ማዕከሉ የተወለደው ከዚያ ነው።

እዚህ አሜሪካስ የት ልሂድ?

ልጃችሁ ሦስት ዓመት ካልሞላው በግዛታችሁ ያለውን የቅድመ እርዳታ ፕሮግራም ራሳችሁ ደውሉ። ሜሪላንድ ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» ይባላል። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ ምርመራው በነፃ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ የትምህርት ቤቱ ነው። እስራኤል ያላችሁ ቲፓት ሃላቭ በሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ ነርሷ ጋ ጀምሩ፤ በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅታችሁ) በኩል ወደ ልጆች እድገት ማዕከል ትመራችኋለች።

የ40 ጊዜ ጥቅል ፈርሜ ከፍያለሁ። ገንዘቤ ይመለሳል?

ውሉን አውጡና ስለ ማቋረጥ የሚለውን ፈልጉ። ማቋረጣችሁን በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል ብቻ አትተዉት። ያልተጠቀማችሁበትን ቀሪ ሂሳብ ጠይቁ፣ የደብዳቤውን ቅጂ አስቀሩ። እምቢ ካሏችሁ የግዛቱ የካይሮፕራክተሮች ቦርድ አቤቱታ ይቀበላል፤ ፎርሙ ኢንተርኔት ላይ አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አለሁ፣ ይዛችሁት ኑ።